የአባ ወርቄ ክምርና ዳልቻው

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20። ጠዋት

ዛሬም ደመና የለም። ሰማዩ የታጠበ ሰሃን መስሏል። በልጉ ሁላችንንም ሸወደን። ከእኔ የባሰ ቀልማዳ ሰማይ ላይ ተገኘ።

በሬያችንን ዳልቻውን ምንጭ ወስጄ አጠጥቼ ተመለስኩ። ምንጩ ጋ ጀሪካን ተሰልፏል። ሴቶቹ ተራ ሲጠብቁ ተጣሉ፣ ታረቁ፣ ደግመው ተጣሉ፤ ውሃው ገና ይንጠባጠባል። ዳልቻው ጠጥቶ ቀና ሲል የጎኑ አጥንት አንድ በአንድ ወጣ። ወንድሜ ማበጠሪያ መስለሃል አልኩት። ድሮ ስሰድበው ቢያንስ በቀንዱ ይቃጣኝ ነበር።

እናቴ ቅዳሜ ከመካነ ሰላም ገበያ አዲስ ገመድ ገዝታ መጣች። ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ለምን እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ግንቦት ሲገባ መኖ ካልተገኘ ዳልቻው በዚያ ገመድ ወደ ገበያ ይሄዳል። ነጋዴው በቆዳው ዋጋ ይወስደዋል።

አንተ ደብተር፣ ግማሽህ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ነውና ቀላል ጥያቄ ልስጥህ። እኛ አንድ በሬ አለን። አባ ወርቄም አንድ በሬ አላቸው (ከዚህ በኋላ አ/ወ፤ ስማቸውን ሙሉ ስጽፈው የሚቆጡኝ ይመስለኛል)። ሁለቱን አቀናጅተን ነው የምናርሰው። ዳልቻው ከሄደ ስንት ይቀራል? አንድ ካልክ ወድቀሃል። ዜሮ ነው። በአንድ በሬ ማን አርሶ ያውቃል። መምህሬ እንዲህ ያለውን ቢጠይቀኝ ኖሮ አሥረኛ ክፍል እገባ ነበር።

ከሰዓት

ሥራ ነበር። የኮሶ አፋፍ ቀበሌ ማይክ በእኔ እጅ ነው። ክትባት፣ ስብሰባ፣ የጠፋ ከብት፣ ሁሉም በእኔ አፍ ያልፋል። ዛሬ የአ/ወ ቀይ ዶሮ ጠፍታ አፋልጉኝ ብለው ለፈፍኩላቸው። አጠገቤ ቆመው፣ ሌባው ራሱ ማይክ ይዞ ይጮሃል አሉ። ማይኩ ክፍት ነበር። ቀበሌው በሙሉ ሰማ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ሰዓዳ ከፍቷታል። ሰዓዳ የቀበሌያችን የግብርና ሠራተኛ ናት። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። እሷ ዲፕሎማ አላት፣ እኔ ማይክ አለኝ፤ እኩል ነን እላታለሁ። ዛሬ ስቀልድባት ፊቷን አዞረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየሳምንቱ ግጦሹ አልቋል፣ ምንጩ እየነጠፈ ነው ብላ ለወረዳ ትነግራለች። ወረዳ ለዞን፣ ዞን ለክልል። የተመለሰው መልስ፦ ኮሶ አፋፍ በድርቅ ምላሽ ዕቅዱ ውስጥ የለችም። በየካቲት የመጣው የጥናት ቡድን ባነሳው ፎቶ ላይ በየግቢው ክምር ይታያል። ልጅቷ ታጋንናለች ተብሏል።

ፎቶውስ አልዋሸም። የዋሸው ክምሩ ነው።

በየካቲት የመንግሥት ሰዎች ድርቁን ሊያዩ ይመጣሉ ሲባል ሰዉ ምን አደረገ? እንግዳ ባዶ ግቢ አያይም ብሎ ቀጋና ክትክታ ቆርጦ ከመረ። ላዩን ከየጓዳው በተለቃቀመ ጭድ አለበሰው። ውስጡ እሾህ፣ ደረቱ ጭድ። ጎተራውን በእበት ለቀለቀ፣ አፉን መረገ። አይጧ እንኳ ተስፋ ቆርጣ የወጣችበትን ጎተራ። ከዚያ በግ አረደ። እንግዶቹ በሉ፣ አመሰገኑ፣ ደኅና አገር ነው ብለው ሄዱ። እኔም አጥንቱን ግጫለሁ፤ አንተን አልዋሽህም።

ማጣትን ለእንግዳ መንገር ነውር ነው። መንግሥትም መኪና ይዞ ከመጣ እንግዳ ነው። እህ፣ ታዲያ ማን ይንገረው?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

ወሬ አለኝ። ሊቀመንበራችን ጋሽ አሕመድ ጠሩኝ። ሰዓዳ ስልክ ስትደውል፣ እሳቸው ወረዳ ሲመላለሱ ከርመው ሁለተኛ ቡድን ሊመጣ ነው። የአሁኑ ከክልል። የሚመጡት ረቡዕ ሚያዝያ 29። ከዚህ በኋላ ዕቅዱ ይዘጋል፣ ዳግመኛ የሚያየን የለም አሉ። ሕዝቡን ንገር፣ እኔ መካነ ሰላም ስብሰባ አለብኝ፣ ከእንግዶቹ ጋር በመኪና እመለሳለሁ አሉኝ። ሲሄዱ ዞር ብለው፣ «አስናቀ፣ ቀልድ እንዳትጨምርበት።» እኔ መቼ ጨምሬ አውቃለሁ።

ቀኑ ሳይነገር ወሬው ቀድሞኝ ወጣ። አ/ወ በየካቲት የከመሩትን ጭድ በሬያቸው ላይ ላዩን ልጦ ስለበላው ያኔውኑ ማጭድ ይዘው ወደ ቀጋው ወረዱ። እኚህ ሰው ለራሳቸው ቀብር እንኳ ቀድመው ይደርሳሉ።

እናቴ ደግሞ በጓን አየቻት። ያለችን አንዲት በግ ናት። ለፋሲካ ተርፋለች፤ እኛ በሽሮ ነው የፈሰክነው። ለካ ለመንግሥት ተቆጥባ ኖሯል። ይቺ በግ ከእኔ ይልቅ ባለሥልጣን ትቀርባለች ብላት በማማሰያ አባረረችኝ።

ተመልሼ ገባሁ። ገመዱ ግድግዳው ላይ አለ። አየሁት። እሱም አየኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26

አደረግኩት።

ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ሜዳው ላይ ቆሜ ማይኩን ከፈትኩ። የጥናቱ ቡድን የሚመጣው ዓርብ ግንቦት 1፣ በልደታ ዕለት ነው አልኩ። ደገምኩት። አንዷ፣ በበዓል ቀን ይመጣሉ እንዴ አለች። መንግሥት በዓል አያውቅም አልኳት። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ይህን ያህል ቶሎ የታመንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ጭድ ቀድሞ ከወጣ የተራበ ከብት ያተራምሰዋል። ስለዚህ ሁሉም ሐሙስ ከሰዓት ሊከምር ተቃጠረ። ረቡዕ ሲመጡ የሚያገኙት እኛን ነው። እንዳለን።

ሰዓዳ ሰምታለች። እውነተኛውን ቀን ታውቃለች። አየችኝ። ጫማዋን አየች። መንገዷን ሄደች። ሳቀች መሰለኝ፣ ከጀርባ አይታወቅም።

አንድ ችግር፦ አ/ወ ክምራቸውን ጨርሰዋል። ዱላ ይዘው ይጠብቁታል።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29። ከጠዋቱ 3 ሰዓት

አቧራ ይታየኛል። ሁለት መኪና። ነገሩ ከተበላሸ እናቴ አትምረኝም፣ ሰዓዳም ውሸታም እንደተባለች ትቀራለች። በኋላ።

ከሰዓት

ወላሂ። ቆይ፣ ከመጀመሪያው።

መኪናው ሲቆም ቀበሌው እንዳደረ ተገኘ። ምንጩ ጋ ሰልፍ። ሜዳው ላይ አፈር የሚያሸቱ ከብቶች። ጋሽ አሕመድ ወርደው ሕዝቡ የት አለ ብለው ዞሩ። እኔን አዩኝ። እኔ ሰማይ አየሁ።

የቡድኑ መሪ ሴት ናት። ባርኔጣ አድርጋለች፣ ብዙ አታወራም። መጀመሪያ እኛ ግቢ ገባች። እናቴ የት ብትሆን ጥሩ ነው? የማድ ቤቱ ጣራ ላይ። አሮጌውን የጣራ ሣር እየነቀለች ለዳልቻው ትጥልለታለች። እሱ ከሥር ቆሞ ቤታችንን ይበላል።

«ምን እየሠሩ ነው እናቴ?»

«ጣራ እያደስኩ።»

«እያፈረሱ ነው የሚያድሱት?»

«በእኛ አገር እንደዚህ ነው። ግቡ እንጂ፣ ቤት ለእንግዳ።»

ሴትየዋ ዳልቻውን አየችው። ዳልቻው የማድ ቤት ጭስ የጠጣ ሣር ያኝካል። ምን ጎደለባችሁ አለች። እናቴ፣ ምንም፣ ተመስገን። ቀጥሎ የጎረቤቶቻችን የእነ ከድር ቤት፤ አልሐምዱሊላህ፣ ምንም። ቀጥሎ፣ ተመስገን። ቀጥሎ፣ አልሐምዱሊላህ። ክርስቲያኑም እስላሙም ተማክሮ ያደረ ይመስላል። ልጁ ባዶ ጀሪካን እየገፋ፣ አባትየው ውሃማ ሞልቷል ይላል። ሰዓዳ ከኋላ ስትከተል ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ያን ሁሉ ዋሽቼ ያመጣሁት እውነት በአንድ ተመስገን ሊሸኝ ነው።

ከዚያ የአ/ወ ግቢ። ነጭ ጋቢ ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። እሳቸውን የሚቀድም ቀን የለም።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ። እኛ ደኅና ነን። ክምሩም ይኸው፣ ጎተራውም ይኸው።»

ሴትየዋ ክምሩን ዞረችው። የየካቲቱን ፎቶ አይቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ አልተቀነሰም አለች።

«በረከት አለው» አሉ አ/ወ። ዓይናቸውን አላሹም።

ሰዓዳን ዞራ አየቻት። አንቺ ያልሽውስ እንደማለት። ስልኳን ለፎቶ አነሳች።

እግሬን ማን እንዳዘዘው እንጃ። ቤት ሮጥኩ። ዳልቻውን ፈታሁት። መጎተት እንኳ አላስፈለገኝም፤ ጭዱ ሸተተው። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ሲሮጥ አይቼው የማላውቅ በሬ በእኔ ፊት ቀድሞ ሄደ። የአ/ወን አጥር ዘሎ፣ በሁለት ባለሥልጣን መካከል አልፎ፣ አፉን ክምሩ ውስጥ ከተተ። አ/ወ ዱላ አነሱ። እንግዳ ፊት በሬ አይመቱም፤ ዱላው አየር ላይ ቀረ።

አንዴ ጎረሰ። ሁለቴ ጎረሰ። በሦስተኛው ቀጋው ብቅ አለ። አፍንጫውን ወጋው፤ ራሱን ሲወዘውዝ የክምሩ ደረት በሙሉ ተንሸራቶ ወረደ። ውስጡ ታየ። እሾህ። ክትክታ። አንድ የተሰበረ ሞፈር። እና ቀይ ዶሮ። እንቁላሏን ታቅፋ፣ ማነው በሬን ያንኳኳ በሚል ዓይን ታየናለች።

ሹፌሩን ሳል ያዘው፤ ሳቅ ነበር።

አ/ወ ዱላቸውን አወረዱ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ከራሳቸው ገፈው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ያኔ ነው ያፈርኩት። ያረጁ ሰው መሰሉ። አርጅተው አያውቁም ነበር።

«እንግዲህ ዳልቻው ተናገረ» አሉ። «በሬ እንግዳ አያፍርም። ልጄ፣ ስልክሽን አስቀምጪና ተቀመጪ። ልንገርሽ።»

ነገሯት። ጎተራውን ራሳቸው ከፈቱት፤ ድምፃቸው ውስጡ ገብቶ ተመለሰ። በልጉ እንዴት ዘር ይዞ እንደቀረ፤ በሬያቸው ከተኛበት በሰው ድጋፍ እንደሚነሳ፤ ቤታቸው ምን በልቶ እንዳደረ። እሳቸው ከተናገሩ ሌላው ምን ቸገረው። እናቴ ከጣራው ወርዳ መጣችና፣ እኔም ጣራ እያደስኩ አልነበረም አለች። ከድር መጣ። ሴቶቹ ከምንጭ ጀሪካናቸውን ይዘው መጡ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ያዘ፤ ማይክ ያለኝ ሰው ዛሬ የሚሰማኝ አጣሁ። ሴትየዋ እንዲደጋግሙላት ትለምን ጀመር። ሰዓዳ ከየካቲት ጀምሮ የላከችውን ሁሉ በቃሏ ዘረዘረች። እውነት ነው፣ ሁሉም እንዳለችው ነው አለች ሴትየዋ። ሰው ፊት ነው ያለችው።

ምሳ? አ/ወ ቤታቸው ያለውን አቀረቡ። የገብስ ቆሎ፣ የምንጭ ውሃ። ሴትየዋ ቆሎውን እስከ መጨረሻው ፍሬ በላች። በጓ ከጓሮ ሆና ባእ አለች። የድል ድምፅ ነበር።

ዶሮዋም ተገኘች። ሌባ አይደለሁም። ይህ በትልቁ ይጻፍ።

ዓርብ፣ ግንቦት 1። ልደታ

ዛሬ ንፍሮ ቀንሷል። ከየቤቱ አንድ እፍኝ ተሰብስቦ በአንድ ድስት ዛፉ ሥር ተቀቀለ። ከንፍሮው በኋላ ደግሞ እኔ ተቀቀልኩ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጋሽ አሕመድ ከሰሱኝ። የቀበሌን ማይክ ይዞ ሕዝብ ዋሸ፣ ማይኩን ይመልስ አሉ። ትክክል ናቸው፤ እኔም ብሆን እከሰኝ ነበር። ከማይኩ መለየት ግን አንጀቴን በላው።

ፈራጁ አ/ወ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ቀኑ አይደለም።

«ዳልቻውን ፈትተህ ነው ወይስ ገመዱ ላልቶ?»

«ላልቶ ነው አባ።»

«ከአንተ ጋር ተማክሮ ላላ በለኛ።»

እናቴ ጥርሷን በነጠላ ሸፈነች።

ፍርዱ፦ አንደኛ፣ የአ/ወን እሾህ በሙሉ በእጄ አውጥቼ አቃጥላለሁ። ሁለተኛ፣ መኖ የመጣ ቀን በዚያው ቦታ እውነተኛ ክምር እከምራለሁ፤ ራሳቸው ይፈትሹታል። ማይኩ እኔው ጋ ይቆያል፤ ሌላ ሰው ይዞ እንዲህ አይጮህም አሉ። አብሽር አሉኝ ደግሞ፣ ቀስ ብለው፣ ለእኔ ብቻ።

ከዚያ ለሁሉም አንድ ደንብ ወጣ። አ/ወ ቆመው ተናገሩት። የሠርግ እንግዳ እንደ ሠርግ ይበላል፣ የለቅሶ እንግዳ እንደ ለቅሶ። ድርቅ ሊያይ የመጣ እንግዳ ደግሞ ቤቱ የዋለበትን ይበላል። በግ ያረደ፣ ባዶ ክምር የከመረ፣ ከመቀናጆ ይወጣል፤ በሬውን የሚያቀናጅለት አይኖርም። ክርስቲያኑም እስላሙም አሜን አለ። በጓ ብትሰማ አሜን ባለች።

የቀረው መኖው ነው። እናቴ ነገ ቅዳሜ ስለሆነ ገመዱን ነካካችው። አንድ ሳምንት ጠብቂ አልኳት። ቀልድ አልጨመርኩበትም። እሺ አለች። የሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ቀልድ የለም አለች።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

እሾህ ስለቅም እጄ ተቦጫጨረ። ዶሮዋ ከጎኔ ቆማ ትቆጣጠረኛለች። ከጌታዋ ትብሳለች።

ዳልቻው ትናንት መነሳት አቅቶት በሰው ድጋፍ ነው የቆመው። እኔ ከጭራው፣ ከድር ከቀንዱ። አልቀለድኩም።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የውሃ ቦቴ መጣ። የእውነት ቦቴ፣ የእውነት ውሃ። ሰዓዳ ነገረችኝ፦ ኮሶ አፋፍ ዕቅዱ ውስጥ ገባች። ክረምቱ እስኪገባ ቦቴው ይመላለሳል። ለሰው እህል፣ ለእርሻ በሬዎች ድርቆሽና ፉርሽካ ተፈቅዷል። መቼ አልኳት። ተጭኖ እየመጣ ነው አለችኝ። ሦስት ቀን ነው ወይስ አራት አልኳት። እንዳንተ ቀን አልፈጥርም አለች። ተሳድባ ሳቀች። የተሰደብኩት እኔ፣ የተደሰትኩትም እኔ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8። ረፋድ

መኪና ገባ። ሁለት አይሱዙ፣ እስከ አፋቸው ድርቆሽ። ማይኩን ይዤ ሜዳው ላይ ወጣሁ። የድርቆሽ መኪና መጥቷል፣ ባለ በሬ ሁሉ ውጡ ብዬ ለፈፍኩ።

ማንም አልወጣም።

ደገምኩት። ከአንድ ቤት ሳቅ ተሰማ። ሌላዋ ከአጥሯ በላይ ብቅ ብላ፣ በልደታ ነው የሚመጣው ወይስ በደብረ ታቦር ብላኝ ተመለሰች። ማልኩ። ስምል ጭራሽ ባሰ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ እውነት ብለፍፍ ቀበሌው ቁጭ ብሎ ይስቅብኛል። ይገባኛል። ሹፌሩ፣ ልመለስ እንዴ ይለኛል።

ያኔ ከእኛ ግቢ ጓሮ ዳልቻው አገሳ። የተኛው ዳልቻው። ሸቶታል። የአ/ወ በሬ መለሰለት፣ የእነ ከድርም ተከተለ። በሬ ደግሞ እዚህ አገር ይታመናል፤ ሁሉም በር ባንድ ጊዜ ተከፈተ። መጀመሪያ የደረሱት አ/ወ ናቸው። እንደ ልማዳቸው።

ከሰዓት

ለየቤቱ ከታደለ በኋላ የተረፈው መጠባበቂያ ነው ተባለ። ለክፉ ቀን የጋራ ይሁን፣ በየዓመቱም ከአጨዳ በኋላ ሁሉም ይጨምርበት ተባለ። የክልሏ ሴትዮ ሐሳብ ነበር፣ ዕቅዱ ውስጥ አስገብታዋለች። የት ይቀመጥ ሲባል ሁሉም አ/ወን አየ። እሳቸው እኔን አዩ።

ከመርኩ። ሰዓዳ ስታቀብል፣ እኔ ስረግጥ፣ ከድር ከታች ስድብ ሲያቀብል። መሃል ላይ ለዶሮዋ መደበቂያ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ልተው ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ ብቻ። ስወርድ አ/ወ ረጅም ዱላቸውን ይዘው መጡ። ከምሥራቅ ወጉት፣ አልገባም። ከምዕራብ ወጉት፣ አልገባም። ዞረው ሁሉን ጎን ወጉት። ከዚያ ዱላውን ለእኔ ሰጡኝና፣ አንተም ሞክር አሉኝ። ሞከርኩ። አልገባም።

ቀይዋ ዶሮ ዞረችው ዞረችው፣ መግቢያ አጣች። ተሳድባ ሄደች።

ነፋስ እንዳይበትነው ማሰሪያ ያስፈልጋል ተባለ። ቤት ሄጄ ገመዱን ከግድግዳው አወረድኩ። እናቴ አየችኝ። አልከለከለችኝም። ወጥታ ጫፉን ያዘችልኝ። ክምሩን አስታጠቅነው። ዳልቻው አጠገባችን ቆሞ ፉርሽካውን ይበላል። ጎንህ አሁንም ማበጠሪያ ነው አልኩት። በቀንዱ ቃጣኝ።

ነገ ቅዳሜ ነው። መካነ ሰላም ገበያ እሄዳለሁ፤ ለማይኩ የባትሪ ድንጋይ እገዛለሁ፤ ዛሬ ስምል አልቆብኛል። ብቻዬን ነው የምሄደው። ይህ ተወስኗል።